የሦስት ንጋት እንግዳ

ልጅቷን መጀመሪያ ያየቻት የጀልባ ትኬት ቆራጯ ናት። ረቡዕ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ ሁለተኛዋ ጀልባ መጥታ ማዕበሏ የመሳፈሪያውን እንጨት ሲያናውጠው ከደረጃው ሥር ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ሴትዮዋ ቦዩ ሁልጊዜ የሚያመጣው የፕላስቲክ ከረጢት መስሏት በያዘችው ዘንግ ገፋ አደረገችው። ቢጫው ነገር ዞረ። ሸሚዝ ነበር፤ በሸሚዙ ውስጥም ሰው።

ኢንስፔክተር ራትሪ ስትደርስ አስከሬኑ በሲሚንቶው ላይ ተጋድሞ የትኬት ቆራጯ የዝናብ ልብስ ተደርቦበት ነበር። ባንኮክ ግን ሥራዋን አላቆመችም። ጀልባዎቹ ይህን መሳፈሪያ እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ተሳፋሪው አንገቱን ያሰግጋል፣ ያያል፣ ተመልሶ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ራትሪ ተንበርክካ የዝናብ ልብሱን ገለጠች። ሟቿ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። የባንኮክን ፀሐይ ያልለመደው አፍንጫዋ መላጥ ጀምሯል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ በመጡ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው። ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ቆዳዋ ተሰንጥቋል። በቀኝ እጇ አንጓ ላይ አራት ጠባብ ሰንበሮች ነበሩ፣ የጣት ያህል፣ ለዚያውም የትንሽ እጅ ጣት።

ከሱሪዋ ኪስ ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ የእንግዳ ማረፊያ ቁልፍ ነው። ሌላው በላስቲክ በጥንቃቄ የተጠቀለለ የክኒን ማሸጊያ ነው፤ ከአሥሩ ክኒኖች የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። የመድኃኒቱ ስም የነበረበት ጠርዝ ተቀድዷል።

“ይኸው፣ ክኒን፣” አለ ከፖሊሶቹ አንዱ፣ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ያህል።

ሳጅን ዴቻ ግን የልጅቷን ፊት አንዴ አይቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ራትሪ ልብ ብላዋለች፤ በሰው ፊት አልጠየቀችውም።

ራትሪ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም፤ ቀስ ብላ ስለምትናገር አዲስ የሚመጡ ፖሊሶች ለጥቂት ቀን የዋህ ትመስላቸዋለች። የጣቢያው አዛዥ ያን ጠዋት ቱሪስት፣ ክኒን፣ ውሃ የሚሉትን ሦስት ቃላት ደርድሮ መዝገቡን ሊዘጋው ሲል፣ በዚያው ድምፅ እስከ ዓርብ ብቻ እንዲጠብቃት ለመነችው። ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው ደወለ። በደሟ ውስጥ መጠጥም አደንዛዥ ነገርም አላገኘም። የማጅራቷ ቁስል ከሲሚንቶ ጠርዝ ጋር መጋጨቷን ያሳያል፤ የገደላት ግን እሱ አይደለም፣ ሳንባዋ ውሃ ሞልቶታል።

“ማለት ውሃ ውስጥ ስትገባ በሕይወት ነበረች፣” አለች ራትሪ።

“ነበረች። አንድ ሰው እጁን ቢሰድላት ትወጣ ነበር።”

*

ቁልፉ ከቦዩ ጀርባ ባለው መንገድ ወደሚገኘው ወደ ቻንታራ የእንግዳ ማረፊያ ወሰዳቸው። ቻንታራ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልጋ ያከራየች፣ ሻንጣ አይታ አገር የምትለይ ሴት ናት። ልጅቷ ኢየቫ እንደምትባል፣ ከሊቱዌንያ እሑድ ማታ እንደገባች ነገረቻቸው። ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማ፣ ላብ አጥምቋት፣ ዋናውን መንገድ ለመሻገር ሩብ ሰዓት ቆማ ስትፈራ ቻንታራ ራሷ ወጥታ በእጇ ይዛ አሻገረቻት።

“ከዚያ በኋላስ?” አለች ራትሪ።

“ከዚያ በኋላማ እንደ ሁሉም ናት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አላት። የነሱ ምሽት የኛ ሌሊት ነው። ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ በእግሯ ወጣች፣ ማክሰኞም፣ ዛሬም። ዛሬ ስትወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ይሆናል፤ የሩዝ ገንፎዬን እያማሰልኩ ነበር።”

ቻንታራን ያስገረማት ሌላ ነገር ነው። አዲስ እንግዳ ሁሉ ዋጋ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ቢራ ምን እንደሚባል ንገሪኝ ይላታል። ይህቺ ልጅ ግን ሰኞ ጠዋት ከእግር ጉዞዋ ተመልሳ፣ በልተዋል ወይ፣ የት ያምዎታል የሚሉት በአገሩ ቋንቋ እንዴት እንደሚባሉ ጠየቀቻት። እየደጋገመች ጻፈችው። ቻንታራ ያመማት መስሏት ለሆድ የሚሆን ሻይ አፍልታላት ነበር።

ልጅቷ ባደረችበት ክፍል ስምንት አልጋዎች አሉ። ከሷ ጎን የሚተኛው ኢግናሲዮ የሚባል የቺሊ ልጅ ነበር፤ ነበር የተባለው ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ስለጠፋ ነው። ማክሰኞ ማታ ከኢየቫ ጋር ሲጨቃጨቁ ሌሎቹ ሰምተዋል። የኢየቫ ስልክም የለም።

ዴቻ ፊቱ ፈካ። ራትሪ የልጁን ስምና ፎቶ ለየአውቶቡስ ጣቢያው እንዲያስተላልፍ ነገረችውና ብቻዋን ወደ ቦዩ ተመለሰች።

*

ከመሳፈሪያው ጎን የተደረደሩት የእንጨት ቤቶች ሰባት ናቸው። ሁሉንም አንኳኳች። በዚያ ሰዓት ያየም የሰማም አልነበረም። ትኬት ቆራጯም ብትሆን ቦታዋ የምትደርሰው ከመጀመሪያዋ ጀልባ ጋር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜም ገና ጨለማ ነው፣ ከደረጃው ሥር ምንም አይታይም።

በሦስተኛው ቤት ኡቦንን አገኘቻት፤ አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ። ኡቦን አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሳ ያለች፣ የጣቶቿ ጫፍ በመርፌ የተበሳሳ፣ ሸሚዝ ሰፊ። ያሳደገቻትን አክስቷን፣ እማማ ሳምሩዋይን፣ አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን ስትጦር ኖራለች። ሰፈሩ ስለሷ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የራሷን ትዳር ትታ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ልጅ ዛሬ የት ይገኛል ይላል። ራትሪም በሩ ላይ ቆማ አሮጊቷ በአጎበሩ ውስጥ ተኝተው ስታይ በልቧ ይህንኑ አለች።

“ሁልጊዜ የማደርገውን ነው ያደረግኩት እህቴ፣” አለች ኡቦን። “አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ። ድልድዩ ሥር ለመነኩሴው ሩዝ ሰጠሁ፣ መረቁኝ፣ ከዚያ ሮጬ የመጀመሪያዋን ጀልባ ያዝኩ። ፈረንጅ አላየሁም።”

ድልድዩ ከቤቷ በመሳፈሪያው ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ እዚያ ደርሶ ለመመለስ ከጀልባዋ በፊት ያለው አሥር ደቂቃ በሙሉ ያልቃል። ትኬት ቆራጯም ኡቦን እንደ ወትሮዋ በመጀመሪያዋ ጀልባ መሄዷን መሰከረች። ራትሪ ጻፈችና ወደ አራተኛው ቤት አለፈች።

*

ኢግናሲዮ ሐሙስ ጠዋት በደቡብ፣ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገረውን መርከብ ሲጠብቅ ተያዘ። ቦርሳው ውስጥ የኢየቫ ስልክ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ሲያመጡት ዓይኑ አብጦ፣ ስለ ሞቷ ገና መንገድ ላይ የሰማ ሰው ይመስል ነበር። ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ራትሪ እያለቀሱ የሚዋሹ ብዙ ሰዎች አይታለች።

ልጁ የተናገረው አጭር ነው። ለሁለቱም የአውቶቡስ ቦታ ይዞ ነበር። ማክሰኞ ማታ አልሄድም አለችው። አስቀየመችው። ስልኳ በሱ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ያደረ ስለነበር፣ በንዴት ዕቃውን ሲጠቀልል አብሮ ወሰደው። መንገድ ላይ አየውና አፈረ።

“ለምን አልሄድም አለች?” አለች ራትሪ።

“የሚጠብቀኝ ሰው አለ አለችኝ።” ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። “ከመጣች ሦስት ቀን አልሆናትም። ማን ይጠብቃታል? ሌላ ወንድ መሰለኝ። ብዙ ነገር ተናገርኳት።”

ዴቻ የአውቶቡስ ጣቢያውን ካሜራ ሲመለከት ልጁ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ትኬት በእጁ ይዞ መግቢያ መግቢያውን ሲያይ ተገኘ። የሁለተኛዋ ትኬት ባለቤት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብሎ እስከ መጨረሻው ይጠብቅ ነበር። ለቀቁት።

የቀረው “የሚጠብቀኝ ሰው” ነው። አዛዡ ይህን ሲሰማ፣ ክኒን የሚሸጥ ሰው ነዋ አለ።

ራትሪ የኢየቫን ትልቅ ቦርሳ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው። ልብሶቹ በሥርዓት ተጠቅልለዋል። ከመሃላቸው አንድ ማስታወሻ ደብተር ወጣ። ከኤምባሲ የመጣችው አስተርጓሚ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አነበበችላት፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ መሻገር፣ እግረኛ መንገድ ላይ ተቀምጣ ስለበላችው የኑድል ሾርባ፣ ሁለት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ያጠራቀመችው ገንዘብ እስከ ስንት ወር እንደሚበቃት። ከሰኞ ወዲህ ግን ዓረፍተ ነገር የለም። ብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ተሥሏል፤ ከፍርግርጉ አንዲት እጅ ወጥታለች። ከሥሩ ሁለት ሰዓቶች ተጽፈዋል፣ የንጋትና የምሽት። ቀጥሎ በላቲን ፊደል የተጻፉ ቃላት ይመጣሉ፤ አስተርጓሚዋ ልታነባቸው አልቻለችም። ራትሪ ደብተሩን ተቀብላ ፊደል እየቆጠረች ጮክ ብላ አነበበች። የገዛ ቋንቋዋ ነበር።

“በልተዋል። ያማል። ቁልፍ። ማን። ነገ።”

ዴቻ ከበሩ ጋር ቆሞ ነበር። ሥዕሉን አየ። አስተርጓሚዋ እስክትወጣ ጠበቀና በሩን ዘጋው።

“እትዬ ራትሪ፣ ማክሰኞ እዚህ መጥታ ነበር። ተረኛ እኔ ነበርኩ።”

ራትሪ ደብተሩን ወደሱ ገፋችለት።

“ይህን ሥዕል አሳየችኝ። በመስኮት ሌባ የገባባት መሰለኝ፤ የጠፋ ንብረት ማስመዝገቢያ ሰጠኋት። ገፋችው። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደሚተኛ ሰው። ከዚያ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። እንቅልፍ አጣሁ ነው የምትለው ብዬ ሳቅኩ። ፋርማሲ በምልክት አሳየኋት።” ዓይኑን ከሥዕሉ ላይ አላነሣም። “አመስግናኝ ሄደች።”

“ሪፖርቱ ላይ ጻፈው።”

“ምን ብዬ?”

“አሁን እንደነገርከኝ።”

*

ፋርማሲው ከጣቢያው ማዶ ነው። ባለቤቱ ጋሼ ዊቱን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ፣ ለሰፈሩ ሁሉ የደም ግፊት የሚለኩ ሰው ናቸው። ዓርብ ጠዋት ራትሪ የክኒን ማሸጊያውን ስታስቀምጥላቸው ወዲያው አወቁት።

“ይህንኑ ማክሰኞ አንዲት ፈረንጅ ልጅ አምጥታልኝ ነበር።”

“ልትገዛ?”

“ልትጠይቅ እንጂ። ምንድን ነው አለችኝ፤ የሚያስተኛ ነው አልኳት። እኔ እንግሊዝኛዬ ያው ነው፤ ግን ተግባባን። የስንት ዓመት ሰው ነው የሚወስደው አልኳት። ጀርባዋን አጉብጣ፣ እጇን አንቀጠቀጠችልኝ። ስንት ጊዜ አልኳት። ሁለት ጣት አሳየችኝ።” ጋሼ ዊቱን መነጽራቸውን አወረዱ። “ደነገጥኩ። ለሰማንያ ዓመት ሰው በቀን ሁለት ይህ ከሆነ አንድ ቀን ሳትነቃ ትቀራለች አልኳት። ከማን አገኘሽ ስላት ወደ ቦዩ በኩል አመለከተችኝ። በኋላ ገበያተኛ መጣ። እኔም ረሳሁት።”

ራትሪ ወጥታ ፀሐዩ ላይ ቆመች። ስልኳ ጮኸ። ታላቅ እህቷ ጂራፓ ናት፤ በየሳምንቱ ዓርብ ትደውላለች። እናታቸው ግማሽ አካላቸው ከተያዘ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከነጂራፓ ጋር በሰሜን ይኖራሉ። ራትሪ እንደ ልማዷ እናቴ በላች ወይ፣ ተኛች ወይ ብላ ጠየቀች። ጂራፓ ሁሉንም መለሰችላት፤ ረቡዕ የቡድሃ ቀን ስለነበር በተሽከርካሪ ወንበር ገዳም ወስዳቸው እንደዋሉ፣ መነኮሳቱ እንዳጫወቷቸው ነገረቻት። ከዚያ ሳትቆጣ፣ እንደ ዋዛ፣ “እሷ መተኛቷን ሁልጊዜ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔ መተኛቴን ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም፣” አለቻት።

ራትሪ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ሌላ ነገር መጣባትና ቆመች።

ረቡዕ የቡድሃ ቀን ነበር። በቡድሃ ቀን የቦዩ ሰፈር ገዳም መነኮሳት ለምጽዋት አይወጡም፤ ሰዉ ነው ምግቡን ይዞ ወደነሱ የሚሄደው። ድልድዩ ሥር ያን ጠዋት መነኩሴ አልቆመም። ኡቦን ስለ ረቡዕ ስትጠየቅ የነገረቻት የሌላውን ቀን ሁሉ ነበር። አሥሩ ደቂቃ ባዶ ሆነ።

“እህቴ፣” አለች ራትሪ በስልኩ፣ “ማታ እደውልልሻለሁ። ስለ አንቺ ነው የምደውለው።”

*

ከሦስተኛው ቤት ጎን ሰው ተጣብቆ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ራትሪ በዚያ በኩል ወደ ጣቢያ ስትሄድ ስንትና ስንት ዓመት ሆናት። መስኮቱ ከራሷ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቀና ብላ አይታው አታውቅም። ቀና አለች። ብረት ፍርግርግ አለው። በሩ ደግሞ ከውጭ በጓጉንቸር ተዘግቷል።

የፍርግርጉን ብረት በጣቷ መታ መታ አደረገች።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ እግር ሲጎተት፣ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማና ቀጭን፣ ቆዳዋ ወረቀት የመሰለ እጅ በፍርግርጉ መሃል ወጣች። መዳፏ ወደ ላይ ነበር።

“ልጄ፣ ዛሬም ቀረሽ ብዬ ነበር፣” አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ራትሪ እጃቸውን ያዘች። ፖሊስ መሆኗን ነገረቻቸው። አሮጊቷ፣ ያቺ ነጭ ልጅስ ብለው ጠየቁ። ራትሪ በኋላ እነግርዎታለሁ አለቻቸው። ዴቻ ብረት መቁረጫ ይዞ መጣና በሩ ተከፈተ።

ቤቱ ንጹሕ ነበር። ይህ ነው ራትሪን በጣም የረበሻት። ወለሉ ተወልውሏል፣ አጎበሩ ታጥቧል፣ በሰሐን የተከደነ ሩዝና የተላጠ ፓፓያ ተቀምጧል፣ አጠገቡም በትንሽ ስኒ አንድ ክኒን። እማማ ሳምሩዋይ ራሳቸውን የሳቱ ሰው አልነበሩም። ቃላቸው ይጎተታል፣ ዓይናቸው ይከደናል፣ ግን የሚሉትን ያውቃሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ምድጃ ሳያጠፉ ወጥተው መጋረጃው ተቃጠለ። ከዚያ ቁልፍ መጣ። ቁልፉ ሲመጣ ጮኹ፤ ሲጮኹ ክኒን መጣ። ለሰፈሩ አእምሮዋን ስታለች ተባለ። በዚህ ወር ክኒኑ ሁለት ሆነ።

“ሰኞ ነጋ ሲል በመስኮቱ የማላውቀው ዘፈን ሰማሁ። እጄን አወጣሁ። ያዘችኝ፣” አሉ። “ማክሰኞም መጥታ በልተዋል ወይ አለችኝ፣ ቃሉን አጣምማ። ሳቅኩ። ስንት ዘመኔ ነው ሳልስቅ። ኡቦን የምትወጣበትንና የምትገባበትን ሰዓት በጣቴ ቆጥሬ ነገርኳት። የክኒኑን ማሸጊያ ቀድጄ ሰጠኋት። ነገ አለችኝ። ነገ፣ ነገ፣ ሁለቴ።”

*

ኡቦን በሸሚዝ ፋብሪካው ከሰላሳ ሴቶች መሃል ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ራትሪን በበሩ ስታያት የጀመረችውን ኮሌታ እስከ ጫፉ ሰፋች፣ ክሩን ቆረጠች፣ መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች። ከዚያ ተነሣች። ውጭ፣ የጨርቅ ብጥስጣሽ በተከመረበት ግቢ፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

“ቤት ማን አብሯት አለ?” አለች ኡቦን።

“ዴቻና ሐኪም። ሆስፒታል ይወስዷቸዋል።”

ኡቦን ራሷን ነቀነቀች። ከቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ክር ለቀመች። ስትጀምር ድምፅዋ እንደ ሥራ ሪፖርት ደረቅ ነበር። ረቡዕ በሩን ስትከፍት ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ክኒኑን አሳየቻትና መልሳ ኪሷ ከተተችው። በተሰባበረ አነጋገር ሐኪም አለች፣ ያማል አለች፣ ዛሬ አለች። ኡቦን ልታልፋት ብትል ተከተለቻት። መሳፈሪያው ጋር ስትደርስ ልጅቷ የበሩን ቁልፍ ከእጇ ልትወስድ ሞከረች።

“እየጮኸች ነበር?”

“አልጮኸችም። ግን ድምፅዋ ከፍ ይል ነበር። የሰፈሩን መስኮት ሁሉ አየሁ። አሥራ አንድ ዓመት እህቴ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያመሰግነኝ የኖርኩበት ሰፈር ነው። አንዲት ቀን እንኳ ዛሬ ደከመኝ ልል አልቻልኩም። እንዲህ እያሉሽ ደከመኝ ብትዪ ምን ይሉሻል? ዝም እንድትል ነው የፈለግኩት። እጇን ያዝኳት። ገፋኋት።”

“ከዚያስ?”

ኡቦን የለቀመችውን ክር በጣቷ ላይ ጠቀለለች።

“ወደቀች። ሲሚንቶው መታት። ውሃው ውስጥ ገባች። እጇ አንዴ ወጣ።” ቀና አለች። “ጎንበስ ብል እደርስባት ነበር። የጀልባው መብራት ከሩቅ ታየኝ። ቆሜ መብራቱን አየሁ። እሷን ሳይሆን መብራቱን። ሲደርስ ተሳፈርኩ፤ ቦታም አገኘሁ።”

ራትሪ በሥራ ዘመኗ ያሰረቻቸውን ሰዎች መጥላት ያግዛት ነበር። አሁን ግን ጥላቻውን ስትፈልገው አጣችው። ክኒኑን ለምን ሁለት እንዳደረገችው ጠየቀቻት።

“ሌሊት ትጣራለች። እኔ ደግሞ መተኛት አለብኝ፣” አለች ኡቦን። “ሊገድላት እንደሚችል አውቅ ነበር ወይ ልትዪኝ ነው። ስኒው ውስጥ ስጨምር አላስብም ነበር። አለማሰብን ለምጄዋለሁ።”

ራትሪ ካቴናውን አላወጣችም። ሴቶቹ በመስኮት እያዩ ነበር፤ ጎን ለጎን ሆነው ወጡ።

*

የኢየቫ አባት በሳምንቱ መጨረሻ መጣ። አልጊስ ይባላል፤ አውቶቡስ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ውስጥ የገባ የዘይት ጥቁረት በመታጠብ የማይለቅ። የሚችለው እንግሊዝኛ እንደ ራትሪ ጥቂት ስለነበር አስተርጓሚ አልፈለጉም። ራትሪ የልጅቷን ሦስት ንጋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ ወደ ጣቢያ መምጣቷንም፣ ሰሚ ማጣቷንም አልዘለለችም። ዴቻ ራሱ ገብቶ አጠገቡ ቆመና አንገቱን ደፋ። አባትየው ብዙ አየው። ሊመታው እንደሆነ ራትሪ ጠረጠረች። አልመታውም፤ ለዴቻ ወንበር እንዲሰጡት ምልክት ሰጠ።

“ከልጅነቷ በማያገባት ትገባ ነበር፣” አለ። “የጎረቤት ውሻ ቢታሰር ፈትታ ትለቃለች። ተይ እላት ነበር። እዚህ ሩቅ አገር ሄዳ ትተወዋለች ብዬ አሰብኩ።”

አሮጊቷን ማየት እንደሚፈልግ ነገራት።

እማማ ሳምሩዋይ በሆስፒታሉ መስኮት አጠገብ፣ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠው አገኟቸው። ክኒኑ ከደማቸው ሲወጣ ቃላቸው ተስተካክሏል፤ እግራቸው ገና ነው። ራትሪ ማን እንደመጣ ስትነግራቸው ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው፣ ግንባራቸው ጣታቸውን እስኪነካ ድረስ ሰገዱለት። ሰውዬው ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ እሱም እንዲሁ አደረገ፣ ሳይችልበት።

ስሟን ጠየቁት። እስከዚያ ቀን ስሟን አያውቁም ነበር።

“ኢየቫ፣” አለ።

አሮጊቷ ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ በሦስተኛው ተሳካላቸው። እጁን ያዙ። ከዚያ ወደ ራትሪ ዞረው፣ ኡቦንን እስር ቤት ማን እንደሚጠይቃት ጠየቁ። እሷ ከኔ በቀር ሰው የላትም፣ እኔው ነኝ ያሳደግኳት አሉ።

“ምን አለች?” አለ አባትየው።

ራትሪ ሌላ ነገር ልትነግረው አሰበች። አመሰግናለሁ አለች ብትለው ማንም አያውቅባትም። የሰውዬውን ፊት አየች። እውነቱን ነገረችው።

አልጊስ እጁን ከአሮጊቷ እጅ አወጣ። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ታች መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር፤ አንዲት ቦርሳ ያዘለች ወጣት ለመሻገር ጠርዙ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች። ሰውዬው እስክትሻገር ድረስ አያት። ከዚያ ሳይዞር ጠየቀ።

“የእስረኛ መጠየቂያ ቀን መቼ ነው?”

“ማክሰኞና ዓርብ፣” አለች ራትሪ። ኡቦንን ምን ሊላት እንደሚፈልግ አልጠየቀችውም። እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

“ምን አለ?” አሉ እማማ ሳምሩዋይ።

ራትሪ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸውን አወረዱና ሁለቱንም፣ አንድ በአንድ፣ ወለሉ ላይ አሳረፉ።

“እግሬ እስኪጠና ይጠብቀኝ በይው። አብረን እንሄዳለን።”